ከሻንጣዬ ቀድሞ የገባው

ሮብ ገበያ፣ ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም

ይድረስ ለምወድሽ፣ በሰው አገር እኅት ለሆንሽኝ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? በረኪናው የላጠው እጅሽ ሻረልሽ ወይ? ማዳምሽስ ዓርብ ዓርብ መውጣት ፈቀደችልሽ? እኔ ከነነፍሴ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ በዚህ ወር ሁላችንም እስኪበቃን ዋሽተናል።

ስትደውዪ ያላነሳሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ ተቀይሜሽ ነው። ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ቆሜ ስልኩ እጄ ላይ ሲጮህ፣ ስምሽን እያየሁ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። አሁን ቂሙ ወጥቶልኛል። ቢሆንም ሳልወቅስሽ አላልፍም፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከዚያ ከክፉ ሚዛን ልጀምር።

"እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ ደርሰሽ ተመለሽ" ብለሽ ነበር የሸኘሽኝ። ትንሽ አሟታል! ለትንሽ ሕመም ማን ትኬት ይቆርጣል? እማ ሞታለች ብዬ ነው የተነሳሁት። አንሙት ስልኩን አላነሳ ሲለኝ እንኳ "ወንድምሽን ከሻርጃ ወደ በረሃ ሥራ ልከውታል፤ እዚያ ስልክ አይሠራም" አልሽኝ፤ አመንኩሽ። ልቤ ሁሉ እማ ዘንድ ስለነበር ለእሱ የሚተርፍ ፍርሃት አልነበረኝም።

ኤርፖርቱ ሚዛን ላይ ስንደርስ፣ አንቺ ጠቅጥቀሽ ያሰርሽው ሻንጣ ስድስት ኪሎ ትርፍ አለው ተባለ። መዛኙ ልጅ ለትርፉ የጠየቀኝን ገንዘብ ስሰማ የተሳሳተ መስሎኝ አስደገምኩት። በዚያ ገንዘብ ሌላ ሰው ይሳፈርበታል! ደግሞ ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ፣ ከእሱ ውስጥ የእኔ ቢጤ ሁለት ይወጣል፤ እሱን ሚዛን ላይ ውጣ ያለው የለም። መሬት ቁጭ ብለን ሻንጣውን ዘረገፍነው፤ የውስጥ ልብሴን የዱባይ ሰው ሁሉ አየልኝ። አንቺ ያን ጊዜ ከዚያ ሁሉ ልብስ መሐል የአንሙትን የቆዳ ጃኬት መዘዝሽና "ይሄ እኔ ጋ ይቅር" አልሽ። ለፋሲካ አገሬ ስገባ የምለብሰው ብሎ፣ ቀድሞ እንዲገባለት እኔ ጋ ያስቀመጠውን! የሰው አደራ ነው ብዬ ነጠቅኩሽ። እጅጌውን ይዘሽ አልለቅ ስትዪ፣ ጓደኛዬ እንዲህ ስስታም ናት እንዴ ብዬ ታዘብኩሽ። በመጨረሻ እኔው ለበስኩት፤ ሰው ላይ ያለ ልብስ አይመዘንማ። ላብ እያጠመቀኝ ገባሁ።

ስንሳሳም ሻርፕሽ ሸርተት አለ። ያ ጀርባሽን የሚሸፍን ፀጉርሽ ከሥሩ ተቆርጧል። ምን ሆነሽ ነው ስልሽ "ሙቀቱ ነው" ብለሽ ሳቅሽ። በኅዳር ምን ሙቀት አለ? ግን ወረፋው ገፋኝና ሄድኩ።

ፍተሻው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጫማ አውልቂ፣ ጃኬት አውልቂ፣ ቀበቶ ፍቺ፣ የፀጉር መርፌ ንቀዪ። ቤተ ክርስቲያን እንደምገባ ሰው በባዶ እግሬ ቆምኩ፤ ልዩነቱ እዚያ የሚባርክ አለ፣ እዚህ የሚደባብስ ነው ያለው። ለእማ የገዛሁትን የፀጉር ቅባት ፈታሿ ፈሳሽ ነው ብላ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ቅርጫቱ ውስጥ የስንቱ እናት ስጦታ ተከምሮ አየሁ መሰለሽ! በሩ ሲጮህብኝ ደግሞ የአንገቴን መስቀል አገኘችና ማተቤን በጣቷ ስባ፣ በጥሺው ብላ በምልክት አሳየችኝ። አንገቴን ቁረጪው! አልኳት በአማርኛ። ምን እንደገባት እንጃ፤ ፊቴን አይታ እለፊ አለችኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከገባን በኋላ ደግሞ አንነሳም። መቀመጫው ጉልበቴን ከአገጬ ያገናኛል፤ ውኃው በገንዘብ ነው፤ ሽንት ቤት እንሂድ ስንል ተቀመጡ ይሉናል። ሕፃናቱ አለቀሱ፣ ትልልቆቹ ተሳደቡ። ምን እየጠበቅን ነው ብለን ስንጠይቅ አስተናጋጇ ጭነት እየተስተካከለ ነው አለች። እኔ ምላሴ መቼ ያርፋል? "የምን ጭነት? የእኔን ስድስት ኪሎ አራግፋችሁ የለም ወይ!" ብዬ ጮኽኩ። አካባቢዬ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር አፌን መምታት ያምረኛል።

ጧት ቦሌ ስንደርስ ሻንጣዬ የለም። ሰው ሁሉ ዕቃውን እያነሳ ሄደ፤ በገመድ የታሰረ አንድ የተቀደደ ካርቶን ብቻ እየዞረ ይመለሳል። የጠፋ ዕቃ ወደሚጠየቅበት መስኮት ሄጄ አገር ይያዝ አልኩ። ስድስቱን ኪሎ አስጥላችሁኝ የቀረውንም ዋጣችሁት ወይ? የእማ ቀሚስ፣ የእማ ነጠላ፣ የእማ ጫማ እያልኩ ስዘረዝር፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን ተቀብላ ኮምፒዩተሯን አየች። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ከወንበሯ ተነስታ ወጣችና እጄን ያዘችኝ።

"አትቆጪ የኔ እኅት፣ ሐዘንሽ ይገባኛል" አለችኝ። "የቀረው ሻንጣሽ ነው እንጂ የወንድምሽ አስከሬን በሰላም ገብቷል። በካርጎ በኩል ይወጣል።"

የማን? አልኳት። አንሙት ባዘዘው ብላ አነበበችልኝ። አንሙት የሚባል ሰው ሞልቷል፣ ባዘዘውም ሞልቷል ብዬ ልከራከራት ቃጣኝ። ቀጥላ አጃቢ ከሚለው ጎን ደብሪቱ ባዘዘው የሚለውን በጣቷ አሳየችኝ። አጃቢዋ እኔ ነኝ! ወንድሜን ይዤ ስመጣ፣ የጫኑት ያውቃሉ፣ ኮምፒዩተሩ ያውቃል፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የማላውቀው እኔ ብቻ። ውኃ በነፃ አምጡ እያልኩ ስጨቃጨቅ እሱ ከእግሬ ሥር ነበር።

አላለቀስኩም። ልጅቱ ፊቴን አየችና ነገሩ ገባት። "አልነገሩሽም እንዴ? ወይኔ እናቴ!" ብላ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። የእኛው ልጅ ናት፤ የመርዶን ወግ ታውቃለች። ጎሕ ሲቀድ፣ በገዛ ቤቱ፣ ዘመድ ከቦት፣ በሽማግሌ አፍ ነው ሰው የሚረዳው። እኔ ግን በሻንጣ መስኮት ተረዳሁ። እሷ ስታለቅስ እኔ አይዞሽ፣ አንቺ በምን አውቀሽ እያልኩ ሳባብላት፣ ያየን ሰው ዕቃ የጠፋባት እሷ ሳትመስለው አትቀርም።

ውጭ አጎቴ እንዳላማው ኮንትራት መኪና ይዞ ቆሟል። እማስ? አልኩት ከሩቅ። ተሽሏታል፣ እንደ ብረት ናት አለኝ፤ ዓይኑን ግን ጫማዬ ላይ ተክሎ ነው። ያኔ ሁሉም ተገለጠልኝ። እማ አልታመመችም፤ እማ አልሰማችም። አንቺና አጎቴ በስልክ ተማክራችሁ፣ ሁለታችንን ባንድ ጧት በቤታችን ልታረዱን ነው ያሰባችሁት። እዚያው ቦሌ በር ላይ ብጮህ፣ ከቆመው ሰው መሐል አንድ የአገሬ ልጅ አይጠፋም፤ ስልክ ይደውላል፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል። እማ ደግሞ እንደ እኔ ከማንም አፍ እንድትሰማ አልፈቅድም። እንግዲህ እስከ ነገ ጧት ጩኸቴን መያዝ አለብኝ አልኩ።

አጎቴን አታውቂውም፤ ዕድሜውን ሁሉ ሦስት ቃል አከታትሎ የማይናገር ሰው ነው። ያን ቀን ከአዲስ አበባ እስከ ዓባይ በረሃ አፉ አልተዘጋም። የጤፍ ዋጋ፣ የጎረቤት በሬ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ አዲስ የተከለው ባሕር ዛፍ። ዝም ካለ የምጠይቀው መስሎታል። እኔም እንዳይጨንቀው እህ፣ ከዚያስ? እያልኩ አስወራዋለሁ።

ደጀን ምሳ ልንበላ ወረድን። ጀርባሽን ለመስኮቱ ስጪ፣ ፀሐይ እንዳይመታሽ አለኝ። ፀሐይ የሚባል አልነበረም፤ ደመና ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው መስታወት ግን ከኋላችን ደርሶ ውጭ የቆመውን ፒካፕ አየሁት፤ ሸራ ለብሷል፣ የአጎቴ ልጆች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዙሪያውን ቆመዋል። አጎቴ የጾም በያይነት አዝዞ፣ ብዪ፣ መንገዱ ገና ነው እያለ ያጎርሰኛል። ነገ እህል እንደማልቀምስ ስለሚያውቅ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! እንጀራውን ለእሱ ብዬ ዋጥኩት፤ እሱም ለእኔ ብሎ ይውጣል። እንዲያ ያለ ምሳ አይግጠምሽ።

ሲመሽ ቤት ደረስን። እማ በሬዎቹን እያስገባች ነበር። አሟታል ብለሽኝ ነበር፤ መጥተሽ ባየሻት! ጉልበቷ እንደ ድሮው ነው፤ አንስታ ልታዝለኝ ምንም አልቀራት። ሳመችኝ፣ አሸተተችኝ፣ ከሳሽ አለችኝ። እግሬን አጥባኝ ስታበቃ ቀና ብላ አንሙትስ? አለችኝ።

ደህና ነው እማ አልኳት። ለፋሲካ ይመጣል አልኳት።

እሰይ ብላ እግሬን ሳመች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የራሷን መደብ ለቀቀችልኝ፤ ተኛሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሊነጋጋ ሲል ውሻው ጮኸ። እማ ተነስታ በሩን ስትከፍት በዓይኔ ቀዳዳ አየሁ፤ አጎቴ፣ የነፍስ አባታችን ቄስ ኪዳነ ማርያም፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸው የአገሩ ሰው ግቢውን ሞልቶ ቆሟል። እማ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ገባት። ይኸው አሁን ትወድቃለች፣ ተነስቼ ልያዛት ስል፣ እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና በሹክሹክታ እንዲህ አለቻቸው፤ "ቀስ በሉ፤ ልጅቱ መንገድ ሰብሯት ገና አሁን መተኛቷ ነው። እሷ ትንሽ ትረፍልኝ። እኔን ወደ ውጭ አውጡና ንገሩኝ።"

ያኔ ነው ከቦሌ ጀምሬ የያዝኩት ጩኸት የወጣው።

በዚያው ቀን ቀበርነው። የመጣው ሰው ብዛቱ፣ የተለቀሰው ለቅሶ ለወንድሜ አላነሰውም፤ ይህን ስነግርሽ ትንሽ ቢቀልልሽ ብዬ ነው። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ እማ የጠየቀችኝ ሻርጃ ላይ መኪና እንዴት እንደገጨው አይደለም። በሰው አገር አልቃሽ ነበረው ወይ? አለችኝ። እንደ ባዳ ዝም ብለው ነው ያሳፈሩት? እኔ ምን ልበላት? ያየሁትንና ያኔ ያልገባኝን፣ ጃኬቱን አልለቅ ማለትሽን፣ ፀጉርሽን መቆረጥሽን አንድ በአንድ ነገርኳት። ስናገር ለራሴም ገባኝ፤ ቂሜም ያን ጊዜ ወጣ። እማ የክርስትና ስምሽን ጠየቀችኝ፤ አባ ከእኛ ስም ጋር በጸሎት ያስቡሻል።

ላኪባት ያለችኝ ይኸው። ለአርባው ባትደርስ ለሙት ዓመቱ ትምጣ። አማኑኤል ከተማ ወላጆቿ ጋ ከማለፏ በፊት እዚህ ትረፍ፤ ቤቷ ነው በያት። እኔም ቦሌ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። እስከ ሮብ ገበያ ድረስ አብረን እያለቀስን እንሄዳለን፤ ከእንግዲህ መደበቅ የለም።

የእማ አምላክ ይጠብቅሽ። እጅሽን ቅባት ቀቢው፣ እህል ቅመሺ፣ ብቻሽን አትደሪ። መድኃኔ ዓለም ያጽናሽ፤ ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ።

ዋርሳሽ