ክብሪቱ የእኔ፣ እሳቱ የማን?

ሰኔ 2 ቀን 1974 ዓ.ም.
ዝናብ። በቅሎዋን አስገብቼ ልብሴን ቀየርኩ። አጅባር ደርሼ መመለሴ ነው፤ ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ። አንድ ካርቶን ክብሪት አመጣሁ፤ እስከ አጅባር ከደሴ በአውቶቡስ የመጣ። እዚህ መካነ ሰላም ክብሪት ከጠፋ ሦስተኛ ወሩ። በአሥር ሳንቲም የገዛሁትን በስሙኒ እሸጣለሁ። ሌባ አይደለሁም፤ ዳገቱን የወጣሁት እኔ ነኝ።
የምትጽፈው ባለቤቴ በለጡ ናት። መሠረተ ትምህርት ጨርሳ ወረቀት ተሰጥቷታል። እኔ አልተማርኩም፣ አላፍርበትምም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ሰኔ 5
ግማሹ ካርቶን አለቀ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አካሉ መንገድ ላይ አቆመኝ። ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ያስጠይቅሃል አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከሰዓት በጓሮ ዞሮ መጥቶ ሁለት ገዛ። ቅናሽ የለም ወይ አለ። የለም አልኩት።
አሻጥር ከሆነ ለምን ገዛ? ካልሆነ ለምን ያስፈራራኛል?

ሰኔ 8
ጎረቤታችን ካሰች ከትናንት ወዲያ ጠዋት እሳት ልትጭር መጣች። ባሏ የሞተባት ናት። ካሰች በያዘችው ገል ላይ በለጡ ፍም አደረገችላት። ደግ። ትናንት አራት ሴቶች መጡ። ዛሬ ስድስት። ክብሪት የሚገዛ ጠፋ።
በለጡን፣ ይግዙ እንጂ አልኳት።
"እሳት ሊከለከል ነው?" አለች።
እሳት ማን ከለከለ፣ የምሸጠው ክብሪት ነው አልኳት።
"ምድጃውስ በምን ተለኮሰ?"
በክብሪት። እንግዲህ... ክብሪቱ የእኔ ነው። ከእሱ የወጣው እሳት የማን ነው? ራሴ ዞረ። ይህን አልጽፍም አለች። አልጽፍም ማለትሽንም ጻፊ አልኳት።

ሰኔ 11
ካሰችን ደጃፍ ላይ አገኘኋት። እኔ በሆዴ የምይዘው ነገር የለም። "ክብሪት እያለ በየጠዋቱ ሰው ቤት መመላለስ ምንድን ነው? ስሙኒሽን አምጪና አንዱን ወስደሽ እረፊ" አልኳት። ባዶ ገሏን ይዛ ተመለሰች።
ክፉ ተናገርኩ? እውነቱን ነው የተናገርኩት።

ሰኔ 14
ማንም አልመጣም። በራችን ላይ አልፈው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ አባ ወልደሩፋኤል ቤት ይጭራሉ። በዝናብ፤ ፍሙን በእጃቸው ከልለው። ከአባቴ ጀምሮ ይህን በር አልፎ እሳት የጫረ ሰው የለም። በጣሊያን ጊዜ እንኳ። እሳት የማይጫርበት ቤት ምን ይባላል? በሽታ የገባበት? የተረገመ?

ሰኔ 17
አባ ወልደሩፋኤል የነፍስ አባቴ ናቸው። ሄድኩ። ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም፣ በአንድ ቃል ይንገሩኝ አልኳቸው።
"የድካምህን ውሰድ። ከዚያ ያለፈውን አንተ ታውቀዋለህ።"
እኔማ ባውቀው ምን ልሠራ መጣሁ? የአራት ቀን ዝናብ ስንት ሳንቲም ነው? የበቅሎዋስ? ስወጣ ለጧፍ ማብሪያ አንድ ክብሪት እንዳመጣ አሳሰቡኝ። በዋጋ ይሁን በነጻ አልነገሩኝም።

ሰኔ 19
በለጡ አታናግረኝም። ስናገር ትጽፋለች፣ ያ ብቻ።

ሰኔ 22
ዛሬ ጠዋት ፍም በገል ይዤ ራሴ መንገድ ዳር ቆምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው እሳት ይዤ ወጥቼ አላውቅም፤ የሴት ሥራ ነው። ሦስት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። ካሰች ቆመች። እንኪ አልኳት። ገሉን አየች፣ እኔን አየች።
"ስንት ነው፣ አያ ቸኮል?"
እየቀለደችብኝ ነው? ከልቧ ነው? ፊቷ ላይ ምንም የለም። እጇ ግን መቀነቷ ላይ ነበር፤ ሳንቲም የምትቋጥርበት ላይ።
በነጻ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን እሳት መቼ ዋጋ ኖሮት ያውቃል፣ በነጻ ነው የሚባለው?... አፌን ከፍቼ ስቆም ዝናቡ ፍሙን አጠፋው። እሷም ዳገቱን ወጣች።