ከጠጠሩ ስር ያሉት መጋረጃዎች

ይድረስ ለልጄ፤ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ግን ሊያሳብደኝ ነው።

ባለፈው መጥተሽ ስትመለሺ ታክሲው ግቢያችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ሻንጣሽን ተሸክመሽ እስከ ዋናው መንገድ በእግርሽ መሄድሽ እስካሁን ያንገበግበዋል። "ከውጭው በር እስከ ቤቱ ጠጠር ካላለበስኩ ሞቼ እገኛለሁ" ብሎ ተነሳ። ግንበኛው ጎረቤታችን "መጀመሪያ አፈሩን ቆፍረህ ዝቅ አድርገው፤ ከጠጠሩ ስር ደግሞ ጠንካራ ጨርቅ አንጥፍ፣ አለዚያ ጭቃው ይውጠዋል" ብሎ መከረው። የሚሸጠው ጨርቅ ተወደደበትና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ገበያ ደርሼ ስመለስ መስኮቶቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። የሳሎኑን መጋረጃ፣ ምንጣፉን፣ የገዛ ካፖርቱን ሳይቀር አንጥፎ ጠጠር ደፍቶበታል። ወገቡን ይዞ "ጨርቅ ጨርቅ ነው" ይለኛል ደግሞ። ይኸው አላፊ አግዳሚው ምሳ ስንበላ ያየናል። አንዷ ጎረቤትማ ትናንት ከመንገድ ሆና "ወጡ ጨው አንሶታል እንዴ?" አለችኝ።

የተረፈ ነገር ካለ ላድን ብዬ እየተንጨረጨርኩ ክፍል ለክፍል ስዞር ያንቺ ጋ ደረስኩ። መጋረጃሽ እንደተሰቀለ፣ አልጋ ልብስሽ እንደተነጠፈ ነው። አንዲት ክር አልነካም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ንዴቴ ግን አሁንም አልበረደም።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ። ስትደውዪ የመጋረጃውን ነገር አታንሺበት፤ መንገዱ እንዴት ሆነ ብለሽ ብቻ ጠይቂው። ከቻልሽ ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ ጭቃው ሳይውጠው ነይበት።

እናትሽ