እማዬ ያየችው ሸለምጥማጥ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚያሠቃይህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቋ በቁመት እናቷን ደረሰች ያልከኝን ለእማዬ ነግሬያት ስትስቅ ዋለች። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ በልተን እናድራለን፣ ተኝተን እንነሳለን ማለቴ ነው። መልሴ የዘገየብህ በክፋት አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እንቅልፍ እየቀደመኝ ነው።

እኔ ያው ዩኒፎርም መስፊያ ቤቱ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የተማሪ ኮሌታ ስተኩስ እውልና ማታ እግሬ ከጫማዬ አልወጣም ይላል። ቤት ስገባ ደግሞ ሁለተኛው ሥራ ይጀምራል፤ እማዬን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ። ቀን ቀን ከታችኛው ፎቅ ያለችው ባለሱቅ ብቅ እያለች ታያታለች፣ እግዜር ይስጣት።

ባለፈው በስልክ "ማኅበር ገባሁ" ስልህ የሠራተኛ ማኅበር መስሎህ ነበር። የለም፣ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። በአካባቢያችን ያለውን አውሬና ወፍ፣ ቢራቢሮ ሳይቀር፣ እያዩ የሚመዘግቡ ሰዎች ናቸው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገርህ። የእማዬን መድኃኒት ለመግዛት ተሰልፌ ሳለሁ በቁሜ አንቀላፋሁ። ፋርማሲስቷ አየችኝና፣ "አንቺም መድኃኒት ያስፈልግሻል፤ ችግሩ እኔ ጋ የለም" ብላ ቅዳሜ ጠዋት ከእነሱ ጋር ወንዝ ዳር እንድወጣ ለመነችኝ። ባለሱቋ እማዬ ዘንድ ልትቀመጥልኝ እሺ ስትል ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ዛፍ ተደግፌ ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ስነቃ አንድ ሽማግሌ ኮቱን ደርቦልኝ፣ ራሱ በሹራብ ቆሞ በሩቅ ማሳያ መነጽር ውሃውን ያያል። ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ለወፍ ብዬ እንዳይመስልህ ወንድም ጋሼ፤ ለዚያ ኮት ስል በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄድኩ።

እማዬ መጀመሪያ መሳቂያ አደረገችኝ። "የሰው ሴት ልጅ ባል ትፈልጋለች፣ የኔዋ ወፍ ትፈልጋለች" እያለች ለባለሱቋ ታማኛለች። እየቆየች ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ዛሬስ ምን አየሽ?" ማለት ጀመረች። እነግራታለሁ። ሳይደላኝ የነገርኳት ቀን እንኳ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠኛለች። በኋላ አልጋዬን ወደ መስኮቱ አስጠጊልኝ አለች፣ አስጠጋሁላት። መስኮቱ የሚያየው የተዘጋውን መጋዘን ግንብ ነው፤ ልጅ ሳለህ ያንን ሁሉ ኳስ የዋጠብህን።

አንድ ጠዋት ሻይዋን ሳቀርብላት፣ "ጎህ ሲቀድ ሸለምጥማጥ በግንቡ ላይ አለፈ" አለችኝ። "እሺ እማዬ" አልኳት። ታውቃለህ፣ አሁን አሁን ትዘባርቃለች፤ በሟች እህቷ ስም ትጠራኛለች፣ አባባ ምሳ በላ ወይ ትለኛለች። አባባ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ለዚህ ሁሉ መልሴ "እሺ እማዬ" ነው። እሷ ግን ኩባያውን ገፋ አድርጋ፣ "ይሄ እሺሽ ለበሽተኛ የሚባል እሺ ነው" አለችኝ። ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ለማኅበሩ ሰዎች እንደ ጨዋታ አነሳሁት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ለካ ሸለምጥማጥ እዚህ ታየ ሲባል ቀያሹ ማኅበሩን ከመሠረተ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም። በማግስቱ ከፋርማሲስቷ ጋር ቤታችን መጣ። እማዬ ጠጉሬን አበጥሪኝ፣ የክት ሻሼን አምጪ፣ ትራስ ደግፊልኝ ብላ ተሰናድታ ጠበቀቻቸው። ቀያሹ በትሕትና ጠየቃት፤ ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ፣ መልኩስ። "ድመት ይሆን እንዴ እናቴ?" ሲላት፣ "ድመት እንዲህ ተለጥጦ አይሄድም። እግሩ አጭር፣ ገላው ነጠብጣብ፣ ጭራው ጥቁርና ነጭ ቀለበት ነው" አለች፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር። ኮራሁ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረችና በእህቷ ስም ጠርታ፣ "ሰውዬው ከሥራ ሊገባ ነው፣ ምሳውን አላሞቅሽም?" አለችኝ።

ማንም አልሳቀም። ቀያሹ ሲወጣ ደረጃው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናትሽ የሚያዩትን ይለያሉ ወይ? የምጽፈው አንቺ የምትይውን ነው" አለኝ። ደክሞኝ ነበር። "አላውቅም" አልኩት። በሩ ገርበብ ብሎ ኖሯል። ስመለስ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ራት አልበላም አለች። "በሕይወት እያለሁ ከሰው ቁጥር አወጣሽኝ" አለችኝ። ያን ጊዜ የጠራችኝ በእህቷ ስም አልነበረም ወንድም ጋሼ፤ በራሴ ስም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ አልጋዋ አጠገብ መቀመጥ ያዝኩ። አላናገረችኝም። የማየው ግንብ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም የባለሱቋን ድመት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ይጥለኛል። አንድ ጠዋት እንደዚሁ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ልጆች ሳለን እንግዳ ፊት ስናስቸግር የምትቆነጥጠንን ዓይነት። ቀና አልኩ። ግንቡ ላይ ነበር። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ነጠብጣብ፤ ጭራው ገላውን የሚያህል፣ ቀለበት በቀለበት። ቆም ብሎ ወደ እኛ አየና ወደ መጋዘኑ ሸርተት ብሎ ወረደ። ዞር ስል፣ እማዬ እሱን አልነበረም የምታየው። የኔን ፊት ነበር።

ያየሁትን ስነግረው ቀያሹ መዝገቡ ላይ "ያጠራጥራል" ብሎ የጻፈውን ሰርዞ፣ መጀመሪያ ያየችው እሷ መሆኗን በስሟ አሰፈረ። ይቅርታ ሊጠይቃትም ራሱ መጣ። "አንተ ምን አደረግህ? ያላመነችኝ ከሆዴ የወጣችው ናት" ብላ አሳቀችው። እኔ ግን አልሳቅሁም።

እንግዲህ አውሬው ፈወሳት እንዳትለኝ። ትናንትም በእህቷ ስም ጠርታኛለች። እኔም ያው ነኝ፤ ይኸን ስጽፍልህ ዓይኔ እየተከደነ ነው። ግን አንተና እኔ እሷ ሳትሰማ በስልክ የተመካከርነው ነገር አለ፤ አረጋውያን መኖሪያ እናስገባት ያልነው። "አእምሮዋ ሄዷል፣ ብትጠየቅም አይገባትም" ያልኩህ እኔ ነኝ። ያን ያለህ ድካሜ ነው። ይገባታል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ይገባታል፤ ጠዋት ጠዋት በተለይ።

ስለዚህ ስትደውል እኔን "እንዴት ናት?" አትበለኝ። ጠዋት ደውልና ራሷን ጠይቃት። እሄዳለሁ ካለች እጇን ይዤ እወስዳታለሁ። አልሄድም ካለች ግን ያንን እምቢታ ብቻዬን የምሸከምበት ጉልበት የለኝም፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን መጥተህ አግዘኝ። ወቀሳ አታድርገው። እህትህ ደክሟታል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል በልልኝ። ትልቋን ጉንጯን ሳምልኝ። ትንሹን ደግሞ አክስትህ ወፍ ታያለች በለውና ሲስቅ ስማው። ባለሱቋም ሰላም ብላሃለች። እማዬ ይኸን ስጽፍ አይታኝ የላከችልህ መልእክት እንዲህ የሚል ነው፦ "ስመጣ ታውቀኝ ይሆን ወይ ብሎ እንዳይፈራ። አውቀዋለሁ በይው።"

ታናሽ እህትህ፣ አንተ "አይጢት" የምትለኝ

ከእማዬ አልጋ አጠገብ
እሁድ ጠዋት፣ ኅዳር 3