ጣውንቴ የናፍታ ባቡር

ውድ ባለቤቴ፣ ጌቾዬ፣

ከተለያየን አሥራ አራት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነን። አርባህንም ሙት ዓመትህንም እንደ ወጉ አውጥቻለሁ፤ ካህናቱም የማኅበራችን ሰዎችም አልቀሩብህም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን ለልቅሶ አይደለም። ልቅሶውን አልቅሼዋለሁ፤ ዛሬ የያዝኩት የምሥራች ነው። ጣውንቴ ተነሳች! ያቺ ስንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜዬን የቀማችኝ፣ ቤቴን ናፍታ ናፍታ ያሸተተችብኝ አሮጌ ባለሁለት ፉርጎ ባቡርህ፣ ሞተሯ ተነሳ። ያስነሳኋት ደግሞ እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ ጽጌ። ሳቅ እንጂ፣ ምን ታፍራለህ!

ቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ እንዳለ ነው ብልህ ዋሸሁ። ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ መስኮቶቹን በሙሉ በድርብ መስታወት ቀይሮልን ብርዱ ቀረ፤ የሰፈራችን የሃርልስደን ባቡሮች ድምፅም አብሮ ቀረ። ድሮ እኔ ወጥ ሳማስል አንተ ሶፋው ላይ ሆነህ፣ ጆሮህን ቀና አድርገህ፣ ይቺ እንዲህ ናት፣ ያቺኛዋ ደግሞ አንድ ሲሊንደሯ ታሟል እያልክ ታስረዳኝ ነበር፤ ማን ጠየቀህ? አሁን የሚያልፉት ሁሉ ኤሌክትሪክ ናቸው፤ እንደ ድመት ሹልክ ነው የሚሉት። ልጃችን ሜሮን ፕሮሞሽን አግኝታ ባተርሲ ቤት ተከራይታለች፤ እሑድ እሑድ ግን እየመጣች ቤተ ክርስቲያን ትወስደኛለች። ቱታህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ሦስት ጊዜ አጥቤው ናፍታው አልለቅ አለኝ። ለአራተኛ ጊዜ ላጥበው አወረድኩት፣ አሸተትኩት፣ መልሼ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

የጫጉላችንን ቀን ታስታውሳለህ? ሰው ለጫጉላው ሆቴል ይገባል፤ አንተ እኔን ይዘህ በምትጠግናት ባቡር ወጣህ። ድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ያደግህ ሰው፣ ስደት ለንደን ላይ ቢጥልህም ሌላ ሥራ አልታየህም፤ መጀመሪያ ፉርጎ ጠራጊ፣ ቀጥሎ መካኒክ ሆነህ እዚያው ናፍታህ ውስጥ ተመልሰህ ገባህ። ያን ቀን ከነጂው ጀርባ ባለው የፊት ወንበር አስቀመጥከኝ። በእነዚያ አሮጌ ባቡሮች ነጂው ከመስታወት ወዲያ ስለነበር፣ የፊቱን ወንበር የያዘ ሰው ሐዲዱን ልክ እንደ እሱ ያየዋል። መስኮቱን በእጅህ ስበህ ከፈትክልኝ። ሞተሩ ከእግራችን ሥር እያጉረመረመ ጥርሴን ያንገጫግጨዋል፤ በጎቹ፣ ድልድዩ፣ ዋሻው ሁሉ ወደ እኛ እየሮጡ ይመጣሉ። እኔም ሳልወድ በግድ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንዲት ስሟ የጠፋብኝ ገጠር ጣቢያ ላይ ቀጥ አለችልህ። ነጂው ያውቅህ ነበርና ሲጠራህ ሁለት ጊዜ አላስጠራህም፤ የሠርግ ኮትህን አውልቀህ እኔን አሸከምክና ሐዲዱ ላይ ወርደህ ከሥሯ ገባህ። እኔ በነጭ ጫማዬ ፕላትፎርሙ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ፣ ከሥር አቡነ ዘበሰማያት ስትደግም ሰማሁህ። ወይ ጉዴ፣ ባሌ ፈርቶ ፈጣሪውን እየለመነ ነው ብዬ እኔም አማተብኩ። ጨረስክ፣ ለምልክት እጅህን አወጣህ፣ ነጂው ማስነሻውን ተጫነ፣ ተነሳች። መንገደኛው ሁሉ አጨበጨበ። አንተ ፊትህ ጠቁሮ፣ ጥርስህ ነጥቶ ብቅ ስትል ኩራትም ንዴትም አንድ ላይ ያዘኝ። ጣውንቴ ብዬ የሰየምኳት ያን ዕለት ነው።

ከዓመታት በኋላ መስመሩ ላይ አዳዲስ ባቡሮች መጡና የአንተዎቹ ለብረት ተሸጡ። እሷን ብቻ ባቡር ወዳድ ሽማግሌዎች ገዝተው ከለንደን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ ባለች አጭር አሮጌ ሐዲድ ላይ አቆዩዋት። አንተም በየቅዳሜው ያለ ደመወዝ ከሥሯ ለመተኛት ትገሰግስ ጀመር። በየዓመቱ ሐዲዱ ለመንገደኛ ሲከፈት ነይ እንሂድ፣ የፊቱን ወንበር ይዤልሻለሁ ትለኛለህ፤ እኔም ሂድ ከጣውንቴ ጋር ዋል እልሃለሁ። አንድም ቀን አብሬህ አልሄድኩም። ጌቾዬ፣ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ በደብዳቤም ቢሆን ይቅርታህን እጠይቃለሁ።

በጥር ኮሊን ደወለ፤ ያ ሃያ ዓመት አብሮህ ዘይት ሲለቀለቅ የኖረው ጓደኛህ። አንተ ካለፍክ ወዲህ ሞተሯ አንድም ቀን እንዳልተነሳ ነገረኝ። ኮሚቴያቸው ቆርጧል፤ ሚያዝያ ላይ ሐዲዱ ከመከፈቱ በፊት በራሷ ሞተር ካልተንቀሳቀሰች ተበታትና ዕቃዋ ለሌሎች ይሰጣል፤ ቦታዋም ለሌላ ይለቀቃል። አንተ የተውከው የመሣሪያ ሳጥንና ደብተር አለ፣ መጥተሽ ውሰጂ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ተመስገን፣ ጣውንቴ ልትሄድ ነው የሚል ነበር። ወዲያው ደግሞ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብዬ አነባሁ። አንተን ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀብሩብኝ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜሮን በመኪናዋ ወሰደችኝ። ያ ቆርቆሮ ቤት እንዴት ይበርዳል! ጣውንቴ መሐሉ ላይ ቆማለች፤ አረንጓዴ ቀለሟ ተላልጧል፣ መስታወቷ ደብዝዟል። አርጅታለች። እኔም አርጅቻለሁ። ትንሽ ተያየን። ከዚያ ኮሊን ባትሪዎቹን ሊያሳየኝ ከሥሯ ያለውን ሣጥን ሲከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ጋቢዬን! እናቴ ራሷ ፈትላ፣ ጠርዙን ሰማያዊ ጥለት አስጥላ የላከችልኝን ጋቢ፣ ባትሪው ተጀቡኖታል። ስድስት ዓመት የፈለግኩት ጋቢ! ለዚህ ጋቢ ስል የላውንድሪውን ሰውዬ ሌባ ነው ብዬ ሰላምታ ነፍጌው ነበር። ሰኞ ዕለት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ መቀየሜንም አላወቀ ኖሮ ግራ ገብቶት አንድ ብርድ ልብስ በነፃ አጠበልኝ።

ያን ቅዳሜ የመሣሪያ ሳጥንህ ላይ ተቀምጬ ደብተርህን ገለጥኩ። በዚያ በተንጋደደ ጽሑፍህ፣ ሁሉም በአማርኛ። "ባትሪ ብርድ አይወድም። የጽጌን ጋቢ አልብሰው። ለጽጌ እንዳይነገር።" ይሄን ሳነብ ሜሮን በሳቅ መሬት ላይ ልትወድቅ ደረሰች። ቀጥሎ አነሳሷን በዝርዝር ጽፈኸዋል። ከሻይ ማፍያው ሙቅ ውሃ አምጥተህ ሞተሩ ውስጥ ጨምር። ናፍታውን ዝጋና በማስነሻው፣ በሞተሪኖው፣ አንዴ አዙራት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት። ድጋሚ አዙራት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት። ሦስተኛው ላይ ናፍታውን ክፈትና አስነሳት።

ኮሊን ይህን ሁሉ ያውቀዋል። እሱና ጓደኞቹ ገጾቹን ፎቶ አንስተው ለአስተርጓሚ ልከው በእንግሊዝኛ አስገልብጠውታል፤ ሙቅ ውሃውንም፣ ጋቢውንም፣ ማዞሩንም እንደተጻፈው ሲያደርጉ ከርመዋል። ጸሎቱንስ ምን አደረጋችሁት ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱ ቀላ። ያ የጌች የግል እምነት ነው ብለን፣ ለክብሩ ቆባችንን አውልቀን ለአፍታ ጎንበስ እንልና እንቀጥላለን አለኝ። ጌቾዬ፣ እንግሊዞችህ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው! በጨዋነታቸው ባቡሯን ሊገድሏት ነበር።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት በሐሳቤ ነጭ ጫማዬን አድርጌ ፕላትፎርሙ ላይ ተመልሼ ቆምኩ። ፈርተህ አልነበረም ለካ። ትለካ ነበር። ድሬዳዋ ያሠለጠኑህ አለቃ ሰዓት ስላልነበራቸው፣ ሞተሪኖው እስኪበርድ፣ ባትሪው እስኪያገግም፣ ዘይቱም የሚደርስበት እስኪደርስ በጸሎት ይለኩ እንደነበር አንድ ቀን ነግረኸኛል፤ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበርና በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ጸሎቱ ጸሎትም ነበር፣ ሰዓትም ነበር።

ይሄንኑ ሳስረዳው ኮሊን ጭንቅላቱን ያዘ። ወዲያው ሰዓቱን አውጥቶ ልጅ ሳለ ተማሪ ቤት ያስጠኑትን የእነሱን አባታችን ሆይ አነበነበው፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። በዚያው ልክ ሞከሩ። አዞሩ፣ ቆዩ፣ አዞሩ፣ ቆዩ፣ ሦስተኛው ላይ ሁለት ጊዜ አሳላትና ዝም አለች። ባትሪው ለዛሬ አንድ ሙከራ ቢቀረው ነው አለ ኮሊን። ኮሚቴው የሚያዝያውን ፕሮግራም ሊያትም ስለነበር፣ የመጨረሻ መልስ የሚሰጠውም በዚያው ዕለት ነበር። ኮሊንም ጓደኞቹም መሬት መሬት ያያሉ።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። ግማሽ ደቂቃ? የአንተ አቡነ ዘበሰማያት? ማዕድ ቀርቦ፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ቆመን የምንጠብቅህ ሰዎች እኮ ነን! ደግሞስ በእኛ ዘንድ አቡነ ዘበሰማያት ያለ እመቤታችን ሰላምታ መቼ ያልቃል? አንዱ ከተባለ ሌላው መከተሉን ሕፃን ያውቀዋል፤ ስለዚህ አልጻፍከውም። አስተርጓሚውም የተጻፈውን ብቻ ገለበጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። ኮሊን ሆይ፣ ሰዓትህን ኪስህ ክተት፣ እኔ በቃ ስል ብቻ ተጫን አልኩት። ባይሠራስ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። እኔም ራሴን ጠየቅኩ፤ አንተን ባላውቅህስ? ስንት ዓመት አብሬህ ቆሜ ሳላዳምጥህ ኖሬ ከሆነስ?

አዞራት። እኔ እጄን ቀዝቃዛው ጎኗ ላይ አድርጌ ጀመርኩ፤ በአንተ ልክ፣ በአንተ አፍ። የዕለት እንጀራው ጋ ስደርስ እንደ አንተ ትንፋሽ ወሰድኩ። ይቅርታው ጋ ስደርስ፣ ተጣልተን ያደርን ቀን በዓይንህ ጠርዝ እያየኸኝ ቆም እንደምትለው፣ ቆም አልኩ። ሰላምታውን አስከተልኩ። በቃ አልኩ። ድጋሚ አዞራት። ድጋሚ ደገምኩ፤ አልቸኮልኩም። ሁለተኛ በቃ አልኩ፤ ኮሊን ናፍታውን ከፍቶ ተጫነ።

ተነሳች! መጀመሪያ አንዴ ጓ አለች፣ ከዚያ ጥቁር ጢስ ተፋች፣ ከዚያ ያ የማውቀው ማጉረምረም እጄ ሥር መጣ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ጣራው ላይ የተኙት እርግቦች በረው ወጡ። ኮሊን መቆጣጠሪያው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔስ? እልል አልኩ! ያለ ሐፍረት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ሦስት ጊዜ እልል አልኩ። ሜሮን በስልኳ ቀድታዋለች፤ እልልታሽ ከሞተሩ በልጧል ማሚ ትለኛለች። በዚያው ማታ ኮሊን ለኮሚቴው ስልክ ደውሎ ምንም ሳይናገር ቀፎውን ወደ ሞተሩ አዞረላቸው። መልሱ እሱ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሐዲዱ ሲከፈት ሁለቱም ፉርጎዎች ጢም ብለው ሞሉ። የማኅበራችን ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡልህ። እኔ ከነጂው ጀርባ ተቀመጥኩ፤ ጋቢዬንም አጥቤ ጎኔ ያለው ወንበር ላይ አኖርኩት፣ ማንም እንዳይቀመጥበት። በጎቹ፣ ድልድዩ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ወደ እኔ እየሮጡ መጡ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ደስታዬን አልደበቅኩም፤ ከማን ልደብቀው? ስመለስ ጋቢውን ለባትሪው አለበስኩት። በፈቃዴ ነው፤ አሁን የእሷ ነው።

ኮሊን ጸሎትሽን በስልኬ ልቅዳው፣ አንቺ ባትመጪም እንጠቀምበት ብሎኝ ነበር። በቴፕ የሚጸለይ ጸሎት የለም፣ እኔው እመጣለሁ አልኩት። የበጎ ፈቃደኛ ፎርም ሞልቼ አፕላይ አደረግኩ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጡኝ። የሥራ ድርሻ የሚለው ላይ ኮሊን ራሱ ሰዓት ያዥ ብሎ ሞላልኝ።

እናም ጌቾዬ፣ ጽጌ ረሳችኝ ብለህ እንዳታስብ። ሙት ዓመት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ አንተ ግን በየቅዳሜው ጠዋት፣ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት፣ በአንተው ልክ፣ ሳይጣደፍ ይደገምልሃል። ይህን ቃሌን አላጥፍም። ሜሮንንም አስተምሬያታለሁ፤ መጀመሪያ ትሮጥ ነበር፣ አሁን ይቅርታው ጋ ቆም ማለት ለምዳለች። ስለዚህ እኔ ወደ አንተ የምመጣበት ቅዳሜ ሲደርስም ሞተሩ ይነሳል። አንተ ብቻ የፊቱን ወንበር ያዝልኝ፤ በዚህኛው ጊዜ እመጣለሁ።

ያንተዋ ጽጌ
ከሃርልስደን