ስም ያልተጻፈባቸው ሜዳሊያዎች

ቶርፖይንት፣ ኖቬምበር 1950

ውድ ዴንዚል፣

ይህን ደብዳቤ ሰባት ዓመት ሙሉ ስጀምረውና ስቀደው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን እጨርሰዋለሁ። እናትህ ሱቅ ሄዳለች፤ እኔ ኩሽናዋ ውስጥ፣ ያንተ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከእኔ ከራሴ መስማት ይገባሃል። ቅር ይልህ ይሆናል፤ እኔም አንተን ብሆን ቅር ይለኝ ነበር።

ከራሙ ልጀምር። በመርከባችን በፔንድራገን ላይ በየቀኑ በቀትር የሚታደለውን የራም መጠጥ ሰጥቶ ተራ ያልተለዋወጠ መርከበኛ አልነበረም። አለቆቹም ያውቃሉ፤ እጅ ከፍንጅ ካልያዙህ በቀር አይተው እንዳላዩ ነው። ያን ዕለት የእኔ ምድብ ታች ባሩድ ክፍል ነበር። ያንተ ደግሞ ከእሱ በላይ፣ እሳት ሲነሳ ባሩድ ክፍሉን በውሃ ከሚሞላው መዘውር አጠገብ። ከሜዲትራንያን እስከ አርክቲክ ስድስት ዓመት መድፍ ሳጎርስ ያልፈራሁት ሰውዬ፣ ያን ቀን ታች መውረድ አስጠላኝ። ለምን ብትለኝ ዛሬም አላውቀውም። የሦስት ቀን ራሜን ውሰድና ውረድልኝ አልኩህ። አንተ መቼም ሳታሾፍ አታልፍ።

"አይ ሲረል፣ ጨለማ እንዲህ ካስፈራህ ሚስት ስታገባ ምን ልትሆን ነው?" ብለህ እየሳቅህ ወረድክ።

ከምሳ በኋላ የጀርመኖቹ አረር መታን። እሳቱ መድፍ ቤቱ ውስጥ ገባ፤ ባሩዱ ጋ ከደረሰ መርከቧም አትተርፍ፣ እኛም አንተርፍ። ስልኩ ጮኸና "ውሃ ልቀቅ" አለኝ። ሕጉን ታውቀዋለህ፣ ታች ማን አለ ተብሎ አይጠየቅም። መዘውሩ ሃያ ሁለት ዙር ነው። ዘጠነኛው ላይ ከታች ቧንቧውን መደብደብ ጀመርክ። ታች ከነበራችሁት ዘጠኝ ሰዎች ውስጥ የምትመታው አንተ መሆንህን አወቅሁት፤ ሁሌም እንደምትጠራኝ ሦስቴ መትተህ ታርፋለህ። አላቆምኩም። ዴንዚል፣ አላቆምኩም። ተራ ባንለዋወጥ ኖሮ የምታዞርብኝ አንተ ነበርክ፣ የምደበድበውም እኔ። ይህን እያሰብኩ ነው የጨረስኩት። ከዚያ እሳቱ ፊቴን ለበለበኝና ራሴን ሳትኩ።

ስነቃ ፊቴ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ የምድብ ዝርዝሩን እያየ መዘውሩ ጋ የተገኘው ፓስኮ ነው እያለ ያንተን ስም ይጠራል። ተራ መለዋወጣችን ከታወቀ ቅጣት አለ። "ፓስኮ?" ብሎ ሲጠራኝ "አቤት" አልኩ። እንዲህ አድርጌ ለአሥራ አንድ ቀን አንተን ሆንኩ። የእኔ እናት የሞት ቴሌግራም ደረሳት፤ ላንተ እናት ምንም አልደረሳትም።

ወደብ እስክንደርስ ክፍሉ በውሃ እንደተሞላ ነበር፤ ዘጠኛችሁን ከሥራችን ይዘን ተጓዝን። መድፉ ጆሮዬን በልቶታል፣ ሰው ሲያወራኝ ግማሹን ነው የምሰማው። የቧንቧው ድምፅ ግን አንድም ቀን አላመለጠኝም። የመጀመሪያው ቀንስ ይሁን፣ በሕይወት ነበርክ። በአራተኛው ቀን ማን ነው የሚመታው? አጠገቤ የተኛውን ሰው ብጠይቀው ሞተሩ ነው አለኝ። ሦስቴ መትቶ ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል፤ ሞተሩ ግን መቼ ዐርፎ ያውቃል?

ስኮትላንድ ስንደርስ ውሃው ተመጠጠ፣ አንገትህ ላይ ባለው መለያም ስምህ ተገኘ። እኔም ሲረል መሆኔን አመንኩ። ዘጠኝ ሰው ያጣው ካፒቴን እኔን ለመቅጣት ልብ አልቀረውም። ሳጥንህ ታሽጎ እዚያው ተቀበርክ። ለእናትህ የጻፍኩላት አልተሠቃየም፣ በቅጽበት ነው የሞተው ብዬ ነው። ስለ ተራው አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤ ፈሪ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ፖስተኛው በእናቴ ስም ትንሽ ቡናማ ካርቶን አመጣ። እናቴ በዚያ ቴሌግራም የተመታ ልቧ ሳይድን አርፋለች፣ ስለዚህ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሜዳሊያዎቼ ነበሩ፤ ሦስት ኮከብና አንድ ክብ፣ ጥብጣባቸው ለብቻው ተጠቅልሎ። ስም የለባቸውም። የዚህ ጦርነት ሜዳሊያ ባለቤቱ በእጁ የያዘው ሰው ነው። ስሙ ያለው አብሮ በሚመጣው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ልጅዎ ሲረል ሆኪንግ ይህን ለመቀበል በሕይወት ባለመቆየቱ ኀዘንዎን እንካፈላለን ይላል። የድሮውን ዝርዝር ማንም አላረመውም። እዚያ ዝርዝር ላይ እኔ ሟች ነኝ፣ አንተ በሕይወት አለህ። በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ራሱ ካልጠየቀ አይላክለትም።

እናትህን ይህ ምን እንዳደረጋት የሰማሁት ከጎረቤቶቿ ነው። ከመንደሩ ልጅ የሞተባት ሁሉ ካርቶን ደርሷታል፣ እሷ ብቻ ቀረች። ሞቶ ቢሆን ይልኩልኝ ነበር ትላለች አሉ። መጀመሪያ ሲረል ሞተ ብለው ተሳስተዋል፣ ታዲያ በታሸገው ሳጥን ውስጥ ማን እንዳለ ማን አየ ትላለች አሉ። ማታ እራትህን ታቀርባለች፤ ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩን ርሶ ታገኘዋለች፣ ስትወለውለው ውሃው ጨው ጨው ይላል አሉኝ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ካርቶኑን ይዤ በጀልባ ወደ ቶርፖይንት፣ ወደ እናትህ ቤት ተሻገርኩ። ሐሳቤ ሜዳሊያዎቹን የዴንዚል ናቸው ብዬ ልሰጣት፣ ወረቀቱን ኪሴ ልደብቅ ነበር። በሩን ስትከፍትልኝ ኮሪደሩ ርሷል፤ ውጭ ፀሐይ ነው። አልጠየቅኋትም። ሜዳሊያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አልነካቻቸውም።

"ወረቀቱስ?" አለችኝ።

መዋሸት አቃተኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ከዚያ ራሙን፣ መዘውሩን፣ "አቤት" ማለቴን ሁሉንም ዘረገፍኩት። አላለቀሰችም። ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች።

"ስንት ጊዜ መታ?"

"አልቆጠርኩም፣ ወይዘሮ ፓስኮ።"

"ቆጥረሃል።"

"አርባ አንድ" አልኳት።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው። "እዚያ የልጄን ቦታ ይዘህ ተርፈሃል። እዚህም ቦታውን ትይዛለህ" አለች። "መንግሥት ሲረል ሞቷል ካለ ሞቷል። በል ኮትህን አውልቅ፣ እራቱ ይቀዘቅዛል።"

ኮቴን አወለቅሁ። ዓመት ሆነኝ። በሥጋና በድንች የምትጋግረውን ፓስቲ ጠርዙ ላይ በስምህ መነሻ ፊደል ምልክት ታደርግልኛለች፣ እኔም ያንኑ እበላለሁ። ኮሪደሩ ደርቋል። ማታ ማታ ዴንዚል ስትለኝ አቤት እማዬ እላታለሁ።

ደብዳቤውን የጀመርኩት ይቅርታህን ልለምን ነበር። እውነቱን ልንገርህ አይደል፤ የተቀመጥኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም። ደስ ብሎኛል፣ ዴንዚል። እናትህን እወዳታለሁ፣ ይህ ደስታ ያንተ እንደሆነም አውቃለሁ፣ ግን አልመልስልህም።

ባለፈው ሐሙስ ድንች እየላጥኩ ሳለ ከኋላዬ ቀስ ብላ "ሲረል" አለችኝ። ረስታ ይሁን ልትፈትነኝ አላውቅም። በዓመት ውስጥ በዚህ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም። ቢላዋዬን ይዤ ትንሽ ጠበቅሁ፤ ማንን እንደምትጠራ ገርሞኝ።

ዞር አላልኩም።

በሰላም እረፍ፣ ወንድሜ። እናታችን ደህና ናት።

ዴንዚል ፓስኮ