ጸጋዬ ለጤናው የሚሄዳት መንገድ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2012
ሪደርቫልድ፣ ጀርመን

ባሌ ጸጋዬ ከሥራ ሲመለስ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ ከትራም እየወረደ በእግሩ መምጣት ከጀመረ ሰነበተ። «ለጤናዬ ነው» ይላል። ቀኑን ሙሉ ኦስትሃፈን ወደብ ባለ መጋዘን ውስጥ ሲመላለስ የሚውል ሰው! ስልኩን ደፍቶ ማስቀመጡንም፣ ስማቸውን የማያውቃቸው ቡድኖች ሲሸነፉ እራቱን መተዉንም አይቻለሁ። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ ትራም ላይ ተገናኘንና አብሬው ወረድኩ። ደስ አላለውም። ጥግ ላይ ካለው የስፖርት ውርርድ ቤት በር የቆመው ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲያየው ፊቱ በራ። ጎረቤቶቻችን እስካሁን መጥራት ያቃታቸውን ስም አጥርቶ ጠራና በጀርመንኛ «ጸጋዬ፣ ዛሬ አረፈድክ፤ ወንበርህን ይዤልሃለሁ» አለው።

ሳቄ አመለጠኝ። ጸጋዬ ግን መሬት መሬት እያየ «መተው አቃተኝ እኮ» አለ። ያኔ ሳቁም ጠፋ። ክንዱን ይዤው ወደ ቤት ሄድን።

ቤት ስንደርስ «የሚያማክሩ ሰዎች አሉ፤ ቴርሚን ልያዝልህ?» አልኩት፤ ቀጠሮ ማለቴ ነው።

«ራሴ እይዛለሁ» አለ።

«የእግር ጉዞውስ?»

«እሱማ አይቀርም፤ ሆዴን አታይውም? ከነገ ጀምሮ ግን ቤታችንን አልፌ እወርድና ወደ ኋላ እመለሳለሁ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ።

ነገ ልቀበለው እወጣለሁ። ውርርድ ቤቱ ጋ ባለው ፌርማታ ልቁም ወይስ ቤታችንን አልፎ ባለው፣ ግን ገና አልወሰንኩም።