ኦኩ ቅጠሉን አልጣለም

የካቲት ፲፬

ለምወድሽ ልጄ፣

አንቺስ፣ በሆድሽ ያለውስ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፤ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው።

ለልጅሽ አልጋ ጀምሯል፤ ከኦክ እንጨት። ዕድሜውን በአናጢነት የጨረሰ ሰው፣ ባልደረቀ ኦክ ላይ የብረት ሚስማር መታበት። ኦክ ቆዳ የሚለፋበት መራራ ነገር በውስጡ ስላለ፣ ብረት ሲነካው እንደ ቀለም ይጠቁራል። ይህን ላገኘው ሁሉ ሲያስተምር የኖረው እሱ ነው። “ምን ነካህ?” ብለው፣ “እጄ እንጂ ልቤ እዚህ የለም” አለኝ። አልቀለድኩበትም። ደብዳቤሽ የደረሰን በዚያው ጠዋት ነበር።

የወንድምሽን ስም ለልጅሽ ልታወጪለት ጠይቀሽናል። አባትሽ አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገና “ምትክ ተሰጠን” አለ።

“የማን ምትክ?” አልኩት።

ወንድምሽን እንደቀበርነው አውቃለሁ ልጄ፤ አላበድኩም። ግን ከወርክሾፑ ጀርባ ያለውን ኦክ ታውቂው የለ? ሌሎቹ ዛፎች ብርዱ ሲገባ ቅጠላቸውን አራግፈው ተገላገሉ። እሱ ግን አናቱ ተራቁቶ፣ የታችኞቹ ቅርንጫፎቹ የሞተውን ቅጠል እንደያዙ ይከርማል። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ አይወድቅም። ነፋስ ሲመጣ ይንኮሻኮሻል፤ ወንድምሽ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እየጎተተ በጓሮ በኩል ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ፣ ልክ እሱን ይመስላል። ሳህን እያጠብኩ “በሩ ክፍት ነው፣ ግባ” እላለሁ። አባትሽ ይሰማና “ቅጠል እኮ ነው” ይለኛል። ቅጠል መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?

ቅርንጫፎቹን ልቁረጣቸው ብሎ መጋዙን ሲያነሳ ከፊቱ ቆምኩ። “ተይው እንግዲህ፣ በጸደይ፣ ብርዱ ሲለቅ፣ አዲሱ እንቡጥ ሲገፋው ራሱ ይወድቃል” አለኝ። ማጽናናቱ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ እንቡጡን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ እያበጠ ነው።

ልጅሽን ሳላየው ወድጄዋለሁ። አልጋውም ጥቁረቱ ተፍቆ ይላክልሻል። ነገር ግን በዚያ ስም ስጣራ “አቤት” የሚለኝ አንድ ሰው ነው። ልጅሽ “አቤት” ያለ ቀን ያኛው ዝም ይላል፤ እሱን ነው የምፈራው። ሌላ ስም አውጪለት። ይኼኛው ገና ባለቤት አለው።

በሰላም ተገላገይ። የልጅሽን ክፉ አያሳይሽ።

የሁለታችሁ እናት